ስመ ጥር፦ የሟች ስም አጠራርና አጻጻፍ፤ ከአሶሳና ከቤንሻንጉል ምድር በተገኙ ምሳሌዎች

መግቢያ

በሥራው ወይም በማዕርጉ የታወቀ ሰው በአማርኛ «ስመ ጥር» ይባላል። ቃሉ ሲተነተን «ስሙ የተጠራ፣ ስሙ የሚጠራ» የሚል ፍች ይሰጣል። በዚህ አነጋገር መሠረት የዝና መለኪያው መጠራት ነው፤ የማይጠራ ስም ያለው ሰው የቱንም ያህል ሥራ ቢሠራ ስመ ጥር ሊባል አይችልም።

ሕያው ሰው ስሙ በተዛባ ጊዜ ያርማል። ጸሐፊው የአባቱን ስም ቢስት፣ ማዕርጉን ቢያጓድል፣ የአገሩን ስም ቢለውጥ «እንዲህ አይደለም» ይላል። ሟች ግን ይህን ለማድረግ አይችልም። ስሙ በአደራ የሚቀመጠው በለቀስተኛው፣ በጋዜጠኛው፣ በታሪክ ጸሐፊው፣ በተርጓሚውና በመዝገበ ቃላት አዘጋጁ እጅ ነው። አደራውም አንዳንድ ጊዜ ይጠበቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ይጎድላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አደራ በአንድ አካባቢ፣ ይኸውም በአሶሳና በቤንሻንጉል ጉሙዝ ምድር፣ እንዴት እንደ ተጠበቀና እንዴት እንደ ጎደለ መመርመር ነው። ምሳሌ የሚሆኑን ከዚያ ምድር ጋር በልዩ ልዩ መንገድ የተያያዙ ሦስት ሟቾች ናቸው፤ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ ገዥ፣ አንዱ የቋንቋ ሊቅ ነበሩ። ከእነርሱም ቀጥሎ ስማቸው ስላልተጠራ ሰዎች ጥቂት እንላለን። አካባቢው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ የተባሉት ነባር ሕዝቦች የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በተለይ በአሶሳ ዙሪያ ዐረብኛም ለብዙ ዘመን የንግድና የሃይማኖት ቋንቋ ሆኖ ኖሯል፤ የአስተዳደሩ ጽሑፍ ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ አንድ ስም ከአፍ ወደ ወረቀት እስኪደርስ ድረስ ከአንድ በላይ ቋንቋ ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል።

፩. ሞትን የሚገልጹ ቃላት

ወደ ሰዎቹ ከመግባታችን በፊት ጸሐፊው የሚሠራባቸውን ቃላት ማየት ይገባል። አማርኛ ለሞት ብዙ አነጋገር አለው። «ሞተ» የሚለው ግሥ ለሰውም ለእንስሳም ስለሚነገር ለተከበረ ሰው ሲጻፍ ደረቅ ይመስላል። በእርሱ ፈንታ «ዐረፈ»፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ይባላል። ከ«ዐረፈ» «ዜና ዕረፍት» የሚለው ስያሜ ወጥቷል፤ ጋዜጦቻችንም የሟቾችን ታሪክ ሲያትሙ በዚህ ርእስ ሲጠቀሙ ኖረዋል። «ገድል» የቅዱሳን ነው፤ «ዜና መዋዕል» የነገሥታት ነው፤ የሌላውን ሰው ኑሮ ለመጻፍ «የሕይወት ታሪክ» የሚለው ስያሜ ጸንቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. የብዙ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ ሰብስበው ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ያዋሉት ይህንኑ ነው።

እነዚህ ቃላት በአብዛኛው ከግእዝና ከቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የተወለዱ ናቸው። «ተዝካር» ከ«ዘከረ» ወጥቶ የአርባ ቀኑን መታሰቢያ ያሳስባል፤ «ነፍስ ይማር» የክርስቲያን ለቅሶ ቤት ጸሎት ነው። በአሶሳ አካባቢ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ግን በብዛት ሙስሊም ነው። በዚያ ሟቹ «መርሑም» ይባላል፤ ሥርዐተ ቀብሩ «ጀናዛ» ነው፤ ስለ ነፍሱ የሚሰጠው ምጽዋት «ሰደቃ» ነው። እነዚህ ቃላት በሙስሊሙ አማርኛ ተናጋሪ ዘንድ የዕለት ተዕለት ቃላት ሆነው ሳለ በመዝገበ ቃላት ሥራ እንደ እንግዳ መቈጠራቸው አግባብ አይደለም። አንድ ተርጓሚ የአሶሳን ሽማግሌ ሞት ሲጽፍ «ተዝካራቸው ወጣ» ቢል የሟቹን ስም ባይለውጥም ሃይማኖታቸውን ለውጦባቸዋል። ስለዚህ «ዜና ዕረፍት» የጋራ ርእስ ሆኖ ሊያገለግል ቢችልም በውስጡ የሚገቡት ቃላት የሟቹ ወገን በለቅሶ ጊዜ የተናገራቸው ቃላት መሆን ይገባቸዋል።

፪. ኢንጂነር ስመኘው በቀለ

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ፕሮጀክት ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ሥርዐተ ቀብራቸውም ሐምሌ 22 ቀን በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። ኢንጂነር ስመኘው ከዚህ ሥራ በፊት በግልገል ጊቤ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ግንባታዎች ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠለት ጀምሮ ሥራውን የመሩና የግንባታውን ሁኔታ በራዲዮና በቴሌቪዥን ለሕዝብ ሲያስረዱ የኖሩ ሰው ነበሩ።

በእርሳቸው ዜና ዕረፍት ውስጥ ለቋንቋ ተመራማሪ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የሞቱ አገላለጽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንደበት ወደ አንደበት፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ «ተገደሉ» የሚለው ቃል ሲመላለስ ነበር። ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ፖሊስ የምርመራውን ውጤት ሲገልጽ ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታወቀ። «ተገደለ» ተደራጊ ግሥ ነው፤ ገዳዩን ባይጠራም ሌላ ገዳይ መኖሩን ግን ይመሰክራል። «ሞቶ ተገኘ» ከታየው ነገር አልፎ የሚመሰክረው ነገር የለም። ለታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሁለት አነጋገሮች እያቀያየረ ሊጽፋቸው አይገባም። እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ቀን፣ በማን እንደ ተነገረ አብሮ ሊመዘገብ ይገባዋል። ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስም ሰው በአማርኛው ውስጥ የሌለውን አድራጊ እንዳይጨምር፣ ያለውንም እንዳይቀንስ መጠንቀቅ አለበት።

ሁለተኛው የሙያው ስም ነው። ሟቹ በሕዝብ አፍና በጽሑፍ «ኢንጂነር» በሚል መጠሪያ ጸንተዋል። አማርኛ ግን ከዐረብኛ የወሰደውና ለብዙ ዘመን ያገለገለው «መሐንዲስ» የተባለ ቃል አለው። «መሐንዲስ» እንደ ሙያ ስም አልጠፋም፤ ነገር ግን በስም ፊት የሚቆም ማዕርግ ሆኖ ሳይለመድ ቀረ። የውሰት ቃሉ «ኢንጂነር» እንደ «ዶክተር» ከስም ጋር ተጣብቆ ሄደ። ማዕርግ ከስም ጋር ከተጣበቀ በኋላ ሊለዩት ቢሞክሩ ስሙ ራሱ የጎደለ ይመስላል። ስለዚህ በዚህ ሰው ታሪክ ላይ «መሐንዲስ ስመኘው» ብሎ ማረም ለቋንቋ የተቈረቈረ ቢመስልም ሕዝቡ የጠራውን ስም መለወጥ ይሆናል። መዝገበ ቃላቱ ሊያደርግ የሚገባው ሁለቱንም ቃላት አስፍሮ የአገልግሎታቸውን ልዩነት ማስረዳት ነው።

ሦስተኛው የሥራው ስም ነው። ግድቡ በዝግጅት ጊዜ «ፕሮጀክት ኤክስ» ይባል ነበር፤ ይፋ ሲሆን «ሚሌኒየም ግድብ» ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ «ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ» ተብሎ ተሰየመ። «ሕዳሴ» ከግእዙ «ሐደሰ» የወጣ ስለ ሆነ አጻጻፉ በሐመሩ «ሐ» መሆን ይገባዋል፤ በሕዝብ ጽሑፍ ግን በሃሌታው «ህ» መጻፉ በዝቷል። ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ አለው። ከእርሱ ሌላ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ረዳት ግድብ ተሠርቷል፤ ስሙም «ኮርቻ ግድብ» ተብሏል። ይህ መልካም ስያሜ ነው፤ ቃሉ በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለውን ዝቅ ያለ ቦታ ለሚያውቅ ባላገር ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ያን ቀን ለማየት አልታደሉም። «ስመኘው» የሚለው ስማቸው በሰዋስው ሲታይ «ተመኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «እየተመኘሁት ሳለሁ» ማለት ነው። የስሙን ፍች ከሥራቸው ጋር ማያያዝ ለአልቃሽ ተገቢ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ፍቹን መመዝገብ ይበቃዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር አለ። የኢንጂነር ስመኘው ስም፣ ማዕርግና ሥራ በሚገባ ተጠርቷል። ሥራው የተሠራበት አገር ግን በዜና ዕረፍቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ጉባ» ከሚል አንድ ቃል አላለፈም። ጉባ የጉሙዝ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ቈላ ነው። የወንዙን ዳር ጉብታዎችና ጅረቶች የሚጠሩ የጉሙዝኛ ስሞች ነበሩ፤ ሰው ሠራሹ ሐይቅ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ ዐቅም ስላለው ከሥሩ የተኛው መሬት ከነስሞቹ ከዐይን ተሰውሯል። አንድ ቦታ በውሃ ሲሸፈን ስሙን የሚጠራበት ሰው ምክንያት ያጣል። ስለዚህ የሰውየውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የቦታውንም ስሞች ከቦታው ሰዎች ጠይቆ ቢያሰፍር ለሟቹም ለሥራቸውም የተሟላ መታሰቢያ በሆነ ነበር።

፫. ሼክ ኾጀሌ አልሐሰን

አሁን የተጻፈ ስም ከአንድ ትውልድ በላይ ሲሻገር ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ቀድሞው ዘመን እንመለስ።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ወደ ምዕራብ ዘምተው የቤላ ሻንጉልን፣ የኮሞሻንና የአሶሳን አገር ለማዕከላዊው መንግሥት አስገበሩ። በዚያ ዘመን አካባቢውን ይገዙ የነበሩት ከሱዳን ከመጡ ዐረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎችና ከበርታ ቤተ ሰቦች የተወለዱ ሼኮች ነበሩ፤ ሕዝቡም «ወጣዊጥ» ይላቸው ነበር። «ወጣዊጥ» በዐረብኛ «የሌሊት ወፎች» ማለት ነው። ከነዚህ ሼኮች መካከል የአሶሳው ሼክ ኾጀሌ አልሐሰን በመጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታስረው ቆዩ። በኋላ ግን ተፈትተው የአካባቢው ዋና ገዥ ሆኑ፤ በየዓመቱም ወርቅ እየገበሩ እስከ እርጅናቸው ድረስ በሥልጣን ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1938 ዐረፉ።

የሼኩ ታሪክ ያለ ማድበስበስ መነገር አለበት። በዘመናቸው ከአሶሳና ከአካባቢው ብዙ ሰዎች በባርነት ተሸጠዋል፤ በንግዱም ሼኩና በሱዳን ድንበር የተቀመጡት ባለቤታቸው ሲት አምና ስማቸው በሰፊው ይነሣል። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ ሐጂ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ከ1897 እስከ 1938 የነበረውን የቤላ ሻንጉልና የጉሙዝ የባሪያ ንግድ መርምረዋል። ስመ ጥርነት ማለት ደግነት ማለት አይደለም። ስም በሚገባ መጠራት ያለበት የተመሰገነውም የተወቀሰውም ሥራ ለባለቤቱ እንዲሰጥ ነው።

የዚህ ሰው ስም ግን በአማርኛ እንዴት ተጻፈ? «ሆጀሌ»፣ «ሖጀሌ»፣ «ኾጀሌ»፣ «ኮጀሌ» ተብሎ እናገኘዋለን። የስሙ መነሻ በሱዳን የታወቀ ዐረብኛ ስም ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ከጉሮሮ በላይ ተፍቆ የሚወጣው የዐረብኛው «ኸ» ነው። ከአውሮፓ መጻሕፍት የሚተረጉሙ ሰዎች በላቲን ፊደል የተጻፈውን አይተው «ኮጀሌ» ሲሉ፣ ከአፍ የሰሙት «ሆጀሌ» ይላሉ። አንባቢም ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የኛ አስተያየት «ኾጀሌ» የሚለው አጻጻፍ የመነሻውን ድምፅ ስለሚያመለክት እንደ መነሻ ቃል ይያዝ፤ ሌሎቹም ወደ እርሱ እንዲመሩ ሆነው ይመዝገቡ የሚል ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ይህ ስም በአዲስ አበባ የደረሰበት ዕጣ ነው። በከተማው ሰሜን ምዕራብ በጉለሌ በኩል «ሸጎሌ» የሚባል ሠፈር አለ። በየቀኑ በታክሲ ረዳቶች አፍ ይጠራል። ቦታው ሼኩ ቤት ሠርተው የተቀመጡበት ስለ ሆነ የተሰየመው በእርሳቸው ስም ነው፤ «ሸጎሌ» የ«ሼክ ኾጀሌ» ጥራዥ ነው። የድምፅ ለውጡን ደረጃ በደረጃ ለመገመት አያስቸግርም። «ሼኽ» የሚለው ማዕርግ የሚያበቃበትና «ኾጀሌ» የሚጀምርበት ድምፅ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ሁለቱ ተዋጡ፤ «ሼኾጀሌ» ተባለ። በሁለት አናባቢዎች መካከል የወደቀው ድምፅ ወደ «ጎ» ተለወጠ፤ ተከታዩ «ጀ» በፈጣን አነጋገር ተዋጠ። የቀረው «ሸጎሌ» ነው። በዚህ ሂደት ማዕርጉ ከስሙ ጋር ተቀላቀለ፤ የአባታቸው ስም «አልሐሰን» ጨርሶ ጠፋ፤ የሰው ስም መሆኑም ተረሳ።

አሁን ይህን ከዘመቻው መሪ ስም ጋር እናስተያየው። ራስ መኰንን መጋቢት 1898 ዓ.ም. ዐረፉ። ታሪካቸው ሲጻፍ ማዕርጋቸው «ራስ»፣ የአባታቸው ስም «ወልደ ሚካኤል»፣ የፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው» ተሟልቶ ይጠራል። የፈረስ ስማቸውም ከሞቱ በኋላ ወደ ኮሪያ ለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ተሰጥቶ «ቃኘው ሻለቃ» ተብሏል። አንዱ ስም በሞት ጊዜ በአማርኛ ጸሐፊዎች እጅ ስለ ነበር ፊደሉ ሳይጎድል ቀረ። ሌላው ስም በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ዘበኛ ስላልነበረው በመንገደኛ አፍ ተፍጨረጨረ። ልዩነቱ የመጣው ከሁለቱ ሰዎች ታላቅነት ወይም ታናሽነት ሳይሆን ከመዝጋቢው መኖርና አለመኖር ነው።

ለተርጓሚዎች አንድ ተጨማሪ ማስታወሻ እዚህ ላይ ይገባል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ታሪክ ስለ ሁለቱም ሰዎች ሲናገር ግሡን በአንድ መልክ ያስቀምጠዋል፤ አማርኛ ግን «ሞተ» ወይስ «ሞቱ» ብሎ መምረጥን ያስገድዳል። ተርጓሚው ለራሱ «ዐረፉ» ብሎ ለሼኩ «ሞተ» ቢል በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ የሌለ ፍርድ ከራሱ ጨምሯል። አንቱታን ከሰጡ ለሁለቱም መስጠት፣ ካልሰጡም ለሁለቱም አለመስጠት የትርጉም ታማኝነት ነው።

፬. የአገርና የሕዝብ ስም

የሰው ስም ብቻ ሳይሆን የሰውየው አገር ስምም እንዲሁ ይለዋወጣል። «ቤላ ሻንጉል» በበርታኛ «የሻንጉል ዐለት» ማለት ሲሆን፣ ዐለቱ በመንጌ ወረዳ በተራራ ላይ የሚገኝና የተቀደሰ ነው ተብሎ የሚታመን ድንጋይ ነው። ዐረብኛ ተናጋሪዎች «ቤላ» የሚለውን ቃል በራሳቸው ቋንቋ «ልጆች» ከሚል ፍች ካለው «በኒ» ጋር አመሳሰሉት፤ «ቤኒ ሻንጉል»፣ የሻንጉል ልጆች፣ ተባለ። ዐለት የነበረው በአንድ ተነባቢ ለውጥ የዘር ሐረግ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 47 ክልሉን ሲሰይም የያዘው ይህንኑ ዐረብኛ መልክ ነው። የተለመደውን የአስተዳደር ስም ለማስለወጥ መነሣት የቋንቋ ባለሙያ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ዐለቱ መጠቀስ አለበት።

የሕዝቡ ስም ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉዳት ደርሶበታል። በቀድሞ የአማርኛ ጽሑፎች በርታውም ጉሙዙም ሌላውም የምዕራብ ቈላ ሕዝብ «ሻንቅላ» በሚል አንድ የጅምላ መጠሪያ ይጻፍ ነበር። ቃሉ ዛሬ ስድብ መሆኑ የታወቀ ነው። ከስድብነቱ ሌላ ግን ለታሪክ የሚያመጣው ጉዳት አለ፤ በዚህ ቃል የተጻፈ ሟች ከየትኛው ሕዝብ፣ ከየትኛው ቋንቋ እንደ ነበረ መልሶ ለማወቅ ያስቸግራል። የቀድሞ ሰነድ የሚያሳትም ወይም የሚተረጉም ሰው ቃሉን ከሰነዱ ቢሰርዝ ያለፈውን ዘመን በደል ይሸፍናል፤ በራሱ ቃል መልሶ ቢጠቀምበት በደሉን ይደግማል። ስለዚህ በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንዳለ ትቶ፣ ከሰነዱ የቦታ ስሞች ተነሥቶ የሕዝቡን ትክክለኛ ስም በማብራሪያ መጻፍ ይመረጣል።

፭. ሊቁና ነጋሪው

ይህን የጅምላ ስም ለማስቀረትና እያንዳንዱን ሕዝብ በቋንቋው ስም ለመለየት ከሠሩት መካከል አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ማርቪን ሊዮነል ቤንደር አንዱ ነበሩ። ከሒሳብ ወደ ሥነ ልሳን የመጡት ቤንደር በካርቦንዴል በሚገኘው የደቡብ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሴማዊ ስላልሆኑ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተዘጋጀውን ሰፊ መጽሐፍ አሰናዱ፤ በዚያው ዓመት ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ኢትዮጵያ የቋንቋ ሁኔታ የሚናገረውን ጥናት አሳተሙ። በ1979 የጉሙዝኛን ሰዋስውና ቃላት ንድፍ፣ በ1989 የበርታኛን የቃላት ስብስብ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዐረፉ።

ቤንደር ስመ ጥር መሆናቸው ተገቢ ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ ስማቸውን ይጠራል። ነገር ግን በእንደዚህ ያለ ሥራ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ጠያቂና ተጠያቂ። «ይህ በቋንቋችሁ ምን ይባላል?» ያለው ሰው ስሙ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ይቆማል። ዛፉን፣ ዐሣውን፣ የማሽላውን ዐይነት፣ የዘመዱን መጠሪያ እየጠራ ያስጻፈው የጉሙዝ ወይም የበርታ ሰው ስም በመቅድሙ ምስጋና ውስጥ ሲገኝ ደግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገኝም። ተጠያቂው ሲሞት ዜና ዕረፍት የሚጽፍለት መጽሔት የለም። የሰጠው ቃል ግን በዓለም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይኖራል።

የታሪክ ተመራማሪዎች በዚህ በኩል የተሻለ ልማድ አላቸው ማለት ይቻላል። ጣሊያናዊው አለሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤላ ሻንጉል ያሳተሙት የታሪክ መጽሐፍ በ1970ዎቹ ከአካባቢው ሽማግሌዎች በተሰበሰበ የቃል ምስክርነት ላይ የተመሠረተ ነው። በቃል ታሪክ ሥራ የተናጋሪው ማንነት የማስረጃው ክፍል ነው፤ የማን ልጅ፣ የየትኛው ወገን እንደ ሆነ ካልታወቀ ቃሉን መመዘን አይቻልም። የቃላት ሰብሳቢም ይህንኑ ሥርዐት ቢከተል ይጠቀም እንጂ አይጎዳም።

እዚህ ላይ የስያሜ ጉዳይ ይነሣል። ለዚህ ሰው በአማርኛ ያለን መጠሪያ ምንድን ነው? «መረጃ ሰጪ» የወሬ አቀባይነት ጥርጣሬ አለበት። «ቃል ሰጪ» የፖሊስ ጣቢያንና የፍርድ ቤትን ያስታውሳል። «ቃል አቀባይ» ለመሥሪያ ቤት ተናጋሪ ሆኖ ተይዟል። «ተጠያቂ» የወንጀል ኀላፊነት ያስመስላል። በኛ አስተያየት «ነጋሪ» የሚለው ቃል ቢመረጥ መልካም ነው። ቃሉ በ«ዐዋጅ ነጋሪ» የታወቀ ነው፤ ነቀፌታ የለበትም፤ ለወንድም ለሴትም፣ ለቃላት ሥራም ለታሪክም ያገለግላል። «የጉሙዝኛው ነጋሪ» ሲባል ሰውየው የሚያውቀውን ነገር በራሱ ፈቃድ ያስተላለፈ ባለ ዕውቀት ሆኖ ይታያል።

፮. በቁጥር የተጻፉ ሟቾች

ስለ ስመ ጥር ሰዎች ስንናገር ከስም ወደ ቁጥር ስለ ተለወጡት ሰዎች ዝም ማለት አይገባም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ በተፈጸመ ጥቃት ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በእነዚያ ዓመታት በመተከል ከልዩ ልዩ ወገን ብዙ ሰው አልቋል። በዜናው ውስጥ ግን የምናገኘው «ከመቶ በላይ» የሚለውን ቃል ነው።

«ከመቶ በላይ» በሰዋስው ዐይን ሲታይ ወሰን የሌለው ቁጥር ነው፤ የመጨረሻው ሟች የት እንደ ቆመ አይናገርም። ጋዜጠኛ በጥድፊያ ቀን እንዲህ መጻፉ የማይቀር ነው። በቀበሌው ግን እያንዳንዱ ሟች የሚጠራበት ስም ነበረው፤ በለቅሶም ጊዜ እየተጠራ ተለቅሶለታል። ለቀስተኛ በቁጥር አያለቅስም። ስለዚህ ዜናው ካለፈ በኋላ የታሪክ ጸሐፊው ሥራ ከለቀስተኛው አፍ ስሞቹን ተቀብሎ፣ ፊደላቸውን ሳያጎድል፣ በየቋንቋቸው አጠራር መጻፍ ነው። ሼክ ኾጀሌ የታወቁ ገዥ ሆነው ሳለ ስማቸው ከዘጠና ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ «ሸጎሌ» ከሆነ፣ የአንድ ገበሬ ወይም የአንዲት እናት ስም ሳይጻፍ ምን ያህል ዘመን ሊቆይ እንደሚችል መገመት ቀላል ነው።

፯. ማጠቃለያና አሳብ

ከላይ ከተጠቀሱት ምሳሌዎች የምናገኘው አንድ ፍሬ ነገር አለ። ሟች ስመ ጥር ሆኖ የሚቀረው ስሙን በሞቱ ሰሞን በትክክል የመዘገበ ሰው ሲገኝ ነው። የኛ ሙያ ይህን ያውቃል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ሠሩት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድም በ1936 ዓ.ም. ሳይታተም ቢያርፉ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. በመምህራቸው ስም ለኅትመት አበቁት። ይህ ታላቅ መታሰቢያ የተቻለው ሥራውን የተረከበ ተማሪ ስለ ተገኘ ነው። የበርታና የጉሙዝ ሊቃውንተ ቃልም እንዲህ ያለ ተረካቢ ይገባቸዋል።

ስለዚህ የሚከተለው አሳብ ቀርቧል።

ሀ) የሟች ስም በባለቤቱ ቋንቋ አጠራር እንደ መነሻ ቃል ይመዝገብ፤ በሌሎች ጽሑፎች የተገኙ አጻጻፎች ሁሉ ወደ እርሱ ይመሩ።

ለ) ማዕርግ፣ የአባት ስምና የትውልድ ቦታ ለሁሉም ሟች በአንድ ሥርዐት ይጻፉ፤ አንቱታውም እኩል ይሁን።

ሐ) የሞቱ ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ወይም በአውሮፓ መሆኑ በግልጽ ይመልከት፤ የሞቱም አገላለጽ ከነተናጋሪውና ከነቀኑ ይጠቀስ።

መ) የቃላት ስብስብ የሚያሳትም ሁሉ የነጋሪዎቹን ስም፣ እነርሱ ከፈቀዱ፣ ከራሱ ስም አጠገብ ያስፍር።

ይህ አሳብ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ አቅርበን እናበቃለን።

«ሸጎሌ፦ የቦታ ስም። በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ ሠፈር። ከ‹ሼክ ኾጀሌ› የተጠረዘ። ሼክ ኾጀሌ አልሐሰን፦ የአሶሳ ገዥ የነበሩ፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ የታሰሩ፣ በኋላም በሥልጣን የኖሩ፤ በወርቅ ግብርና በባሪያ ንግድ ስማቸው የሚነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የዐረፉ። የአጻጻፍ ልዩነት፦ ሆጀሌ፣ ሖጀሌ፣ ኮጀሌ።»